ከኩላሊት ስጦታ ጋራ ተሰውሮ ስለሚመጣ ደዌ

ሰው ለሰው የሚሰጠው ስጦታ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ገንዘቡን፥ አንዱ ርስቱን፥ አንዱም ጕልበቱን ወይም ምክሩን ይሰጣል። በዘመናችን ግን ከእነዚህ ሁሉ የሚከብድ ሌላ ስጦታ ተገኝቷል። ይኸውም የአንዱን ሰው ኩላሊት፥ ጉበት፥ ልብ ወይም ሳንባ አውጥቶ ለሌላው ለታመመው ሰው መትከል ነው፤ ሐኪሞችም ይህን ሥራ ንቅለ ተከላ ይሉታል።

በሌላው ስጦታ ሰጪው ስለ ራሱ ኑሮ ይናገር ዘንድ አይገደድም። በቅሎ የሰጠ ሰው ስለ በቅሎዪቱ ዕድሜና ጠባይ ይጠየቅ እንደ ሆነ ነው እንጂ ስለ ራሱ ጤና ማንም አይጠይቀውም። ኩላሊቱን የሚሰጥ ሰው ግን ኑሮውንም አብሮ ይሰጣል። የሄደበት አገር፥ የነከሰው እንስሳ፥ ሳያውቀው የያዘው ደዌ፥ ይህ ሁሉ ከኩላሊቱ ጋራ ተያይዞ ወደ ተቀባዩ ሰውነት ሊገባ ይችላልና።

ስለዚህ ዛሬ በዚህ ገጽ ከለጋሽ ወደ ተቀባይ ስለሚሻገር ደዌ ለቤተ ሰብ የሚጠቅመውን ያህል ልንጽፍ አስበናል። «ይህ የሐኪሞች ጉዳይ ነው፤ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምነዋለን። የቤተ ሰብ ቃል በጊዜው ባለመድረሱ ሰዎች የጠፉበት ጊዜ እንዳለ ከሚከተለው ታሪክ ይመለከታልና። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

የዚህ ሥራ ታሪክ ሩቅ አይደለም። በ1954 በአሜሪካ አገር በቦስተን ከተማ ዶክተር ጆሴፍ መሪ የሚባሉ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው ከአንዱ መንታ ወንድም ኩላሊት አውጥተው ለታመመው መንታ ወንድሙ ተከሉለት። ሁለቱ መንቶች በመልክም በሥጋም አንድ ስለ ነበሩ የታማሚው ሰውነት አዲሱን ኩላሊት እንደ ባዕድ ቈጥሮ አልጣለውም። ዶክተር መሪም በ1990 የኖቤልን ሽልማት ተቀበሉ። በ1967 ደግሞ በደቡብ አፍሪካ በኬፕ ታውን ከተማ ዶክተር ክርስቲያን ባርናርድ የአንድን ሰው ልብ ለሌላ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ተከሉ፤ ታማሚውም 18 ቀን ቈይቶ በሳንባ ምች ሞተ።

መንታ ያልሆነ ሰው የሌላውን አካል ሲቀበል ትልቁ ችግር የገዛ ሰውነቱ ነው። የሰው ሰውነት ዘበኛ እንደ ቆመበት ግቢ ነው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወሩት ጠባቂዎች የቤቱ ያልሆነውን ሁሉ ይዋጋሉ። የመጣው ለመልካም ይሁን ለክፉ አይለዩም፤ ሊያድን የመጣውን ኩላሊት እንደ ጠላት ይወጉታል። ስለዚህ ሐኪሞች የእነዚህን ጠባቂዎች ኃይል የሚያደክም መድኃኒት ፈለጉ። ሳይክሎስፖሪን የሚባለው መድኃኒት በ1983 በአሜሪካ ከተፈቀደ በኋላ ንቅለ ተከላ በብዙ አገር ተስፋፋ። ተቀባዩም የተተከለለት አካል እስከ ሠራ ድረስ እንዲህ ያለውን መድኃኒት ሳያቋርጥ ይወስዳል።

ነገር ግን ዘበኛው ሲደክም የሚገባው ወዳጅ ብቻ አይደለም። እዚህ ላይ ቫይረስ ስለሚባለው ነገር ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ቫይረስ በዓይን የማይታይ፥ ተራ በሆነውም ማጉያ መነጽር የማይታይ፥ ለብቻው ሊራባ የማይችል ረቂቅ ነገር ነው። የሚበዛው ሕይወት ባለው ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ነው። የበሽተኛ ልብስ ይቀቀላል፤ የሐኪም መሣሪያም በእንፋሎት ይጠራል። ኩላሊት ግን አይቀቀልም፥ በብርቱ መድኃኒትም አይታጠብም፤ ሕያው ሆኖ መተከል አለበትና። እርሱ ሕያው ሆኖ ሲሻገር በውስጡ የተሸሸገው ቫይረስም አብሮት ይሻገራል፤ በዚያም የሚቀበለው ጠባቂዎቹ የደከሙበት ሰውነት ነው። ጤነኛውን ሰው ጥቂት ቀን ብቻ አሳምሞ የሚተው ቫይረስ ተቀባዩን የሚገድልበት ምክንያት ይህ ነው።

በዚህ ላይ ጊዜው አጭር ነው። ከሞተ ሰው የተወሰደ ልብ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊተከል ይገባዋል፤ ኩላሊት ቢታገሥ አንድ ቀን ወይም ከዚያ ጥቂት አልፎ ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ለወራት የሚቈይ ምርመራ ሊያደርጉ አይችሉም። ደግሞም የአንድ ለጋሽ አካል እስከ 8 ለሚደርሱ ሰዎች ሊከፈል ስለሚችል፥ አንድ የተሰወረ ደዌ በአንድ ሳምንት ውስጥ የብዙ ቤት ኀዘን ይሆናል።

ለዚህ ነገር ምሳሌ የሚሆነውን በ2004 በአሜሪካ በቴክሳስ የሆነውን ታሪክ እንጽፋለን። አንድ ሰው ትኵሳትና የአእምሮ መናወጥ ይዞት ሐኪም ቤት ገባ። ሐኪሞች ቢመረምሩት በአንጎሉ ዙሪያ ደም ፈስሶ አገኙ፤ በሞተም ጊዜ የገደለው ይኸው ነው ብለው አመኑ። ጉበቱና ሁለቱ ኩላሊቶቹ ለሦስት ሰዎች ተሰጡ። አራተኛው ታማሚ የተተከለለት ጉበት ከሌላ ለጋሽ ነበር፤ ነገር ግን ጉበቱን ለማያያዝ ከዚህ ሰው የተወሰደ የደም ሥር ቍራጭ ተቀጠለለት። አንድ ወር ያህል ሳያልፍ አራቱም በአንጎል ደዌ ተያዙ፤ አራቱም ሞቱ። ከሞቱ በኋላ ሲመረመር የገደላቸው የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ሲጠናም ለጋሹ በሕይወቱ ሳለ የሌሊት ወፍ እንደ ነከሰችው ለሰው ተናግሮ እንደ ነበረ ታወቀ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን አስተውል። ያ ቃል በምድር ላይ ነበረ፤ የሰማው ሰውም ነበረ፤ ነገር ግን ኩላሊቱ ሲተከል ወደ ሐኪሞቹ አልደረሰም ነበር። በፍርድ ቤት ጕዳዩን የሚያውቅ ምስክር ሳይጠራ ፍርድ ቢሰጥ፥ ዳኛው ሕግ አዋቂ መሆኑ ለተበደለው ሰው አይረዳውም። እንደዚሁም የሐኪሙ ብልሃት የቱንም ያህል ቢሆን ያልሰማውን ነገር ሊፈርድበት አይችልም።

በጀርመን አገርም በ2005 መጀመሪያ ይህን የመሰለ ነገር ታወቀ። ለጋሽዋ ከመሞትዋ ከጥቂት ወር በፊት ወደ ሕንድ አገር ሄዳ ነበር። አካልዋን ከተቀበሉት ስድስት ሰዎች ሦስቱ በእብድ ውሻ በሽታ ሞቱ። ጉበትዋን የተቀበለው ሰው ግን ከብዙ ዘመን በፊት የዚህን በሽታ ክትባት ተከትቦ ስለ ነበረ ዳነ፤ የዓይን ብሌን የተቀበሉትም ሁለቱ ብሌኑ ወጥቶላቸውና ክትባት ተሰጥቷቸው ተረፉ። ከብዙ ዓመት በፊት የተወጋ አንድ መርፌ ባልታሰበ ቀን ሰውን እንዳዳነ እዚህ ላይ እናያለን።

የዓይን ብሌን ነገር አዲስ አይደለም። በ1978 በአሜሪካ አንድ ሰው የዓይን ብሌን ከተተከለለት በኋላ በእብድ ውሻ በሽታ ሞቷል፤ ለጋሹም በዚህ በሽታ መሞቱ አስቀድሞ አልታወቀም ነበር። ብሌን ደም የማይዞርበት ስለ ሆነ ብዙ ቫይረስ አይሻገርበትም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ግን የሚሄደው በደም ሳይሆን በነርቭ ነውና፥ ነርቭ የበዛበት ብሌን መንገድ ሆነለት።

ሦስተኛው ታሪክ የሚያስፈራም የሚያጽናናም ነው። በ2011 በፍሎሪዳ የሞተ አንድ ወጣት ኩላሊቶቹ፥ ልቡና ጉበቱ ለአራት ሰዎች ተሰጡ። ከነዚህ አንዱ ኩላሊት ተቀባይ በሜሪላንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በደኅና ኖሮ በ2013 በእብድ ውሻ በሽታ ሞተ። ሲመረመር የተገኘው ቫይረስ ራኩን በሚባለው የአሜሪካ አውሬ ላይ የሚገኘው ዓይነት ነበር፤ ለጋሹም በሕይወቱ ሳለ ራኩን ነክሶት እንደ ነበረ ኋላ ተሰማ። የአንዱ ተቀባይ ሞት ምክንያቱ እንደ ታወቀ የቀሩት ሦስቱ ፈጥነው ተፈልገው ክትባትና መድኃኒት ተሰጣቸው፤ ሦስቱም ዳኑ። አንዱ ተቀባይ ሲታመም ፈጥኖ ማሳወቅ ሌሎቹን የሚያድን መሆኑ በዚህ ተረጋገጠ።

እብድ ውሻ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2005 በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ከአንዲት ሴት አካል የተቀበሉ አራት ሰዎች ታመሙ፤ ሦስቱ ሞቱ፥ አራተኛው ሪባቫይሪን የሚባል መድኃኒት ተሰጥቶት ዳነ። የቫይረሱ ምንጭ ሲፈለግ የተገኘው በለጋሽዋ ቤት በነበረች ሃምስተር በምትባል ትንሽ የቤት እንስሳ ላይ ነው። ሃምስተር አይጥ የምትመስል፥ በዚያ አገር ሕፃናት የሚጫወቱባት እንስሳ ናት። ጤነኛ ሰው ይህ ቫይረስ ቢይዘው ብዙ ጊዜ እንደ ጕንፋን ሆኖ ያልፋል። በዚያች ሴት ሰውነት ግን በምርመራ ምንም ምልክት አልተገኘም ነበር። እንግዲህ ስለ ሞተች ሴት ጤና ሲጠየቅ «በቤት እንስሳ አለን?» የሚለው ጥያቄ ቀላል መስሎ ሳለ እንዴት ከባድ እንደ ሆነ ተመልከቱ።

በ2002 ደግሞ ዌስት ናይል የሚባለው ትንኝ የሚያስተላልፈው ቫይረስ በጆርጂያና በፍሎሪዳ ከአንድ ለጋሽ ወደ አራት ተቀባዮች ተሻገረ። ለጋሽዋ በአደጋ ቈስላ ብዙ ደም ተሰጥቷት ነበርና፥ ቫይረሱ ከተሰጣት ደም እንደ መጣ ታወቀ። ስለዚህ በ2003 በአሜሪካ የሚለገሰው ደም ለዚህ ቫይረስ ይመረመር ጀመር።

አሁን ደግሞ የደም ምርመራ የሚያይበትንና የማያይበትን ጊዜ እንግለጽ። ብዙዎች «ደሙ ተመርምሯል» ሲባሉ ነገሩ የተፈጸመ ይመስላቸዋል። ነገር ግን ምርመራ ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው ቫይረሱን ራሱን አያይም፤ ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀውን መከላከያ ያያል። መከላከያው እስኪዘጋጅ ድረስ ለኤች አይ ቪ ሦስት ሳምንት ያህል፥ ሄፓታይተስ ሲ ለሚባለው የጉበት ቫይረስ ግን ሁለት ወር ያህል ሊፈጅ ይችላል። ሁለተኛው ምርመራ የቫይረሱን የዘር ቅንጣት ራሱን ስለሚፈልግ ኤች አይ ቪን በዐሥር ቀን ያህል፥ የጉበቱን ቫይረስ በአንድ ሳምንት ያህል ሊያገኝ ይችላል። ከዚያ በፊት ያለውን ጥቂት ቀን ግን ይህም ቢሆን አያይም።

ይህ ክፍተት ምን እንዳደረሰ ሦስት ታሪክ ይመሰክራል። በ1985 በአሜሪካ ከአንድ ለጋሽ ብዙ ሰዎች አካልና አጥንት ተቀበሉ፤ የለጋሹ ደም በዚያን ጊዜ በነበረው ምርመራ ንጹሕ ተብሎ ነበር። አካል የተቀበሉት አራቱና ያልታከመ አጥንት የተቀበሉት ሦስቱ በኤች አይ ቪ ተያዙ። በ2007 በቺካጎ አራት ሰዎች ከአንድ ለጋሽ ኤች አይ ቪንና ሄፓታይተስ ሲን ሁለቱንም ተቀበሉ፤ የተደረገው ምርመራ የመጀመሪያው ዓይነት ነበርና ለጋሹ ከተያዘ ገና ብዙ ስላልቈየ አላገኘውም። ከዚያ በኋላ ደንቡ እየጠበቀ ሄዶ በ2020 በወጣው የአሜሪካ መንግሥት መመሪያ እያንዳንዱ ለጋሽ በሁለተኛው ምርመራ ደግሞ እንዲመረመር ታዘዘ።

ሦስተኛው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ለእኛ ቅርብ ነው፤ ለጋሹ በሕይወት ያለ ሰው ነበርና። በ2009 በኒው ዮርክ አንድ ሰው ኩላሊቱን ለመስጠት ፈቀደ። ደሙ ተመረመረ፤ ንጹሕም ሆኖ ተገኘ። ቀዶ ጥገናው ግን የተደረገው ከምርመራው 79 ቀን በኋላ ነው። በዚህ መካከል ለጋሹ በኤች አይ ቪ ተይዞ ነበር፤ እንደ ገና ግን አልተመረመረም። ተቀባዩም ከኩላሊቱ ጋራ ኤች አይ ቪን ተቀበለ። የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣኖች ነገሩን ካጠኑ በኋላ በ2011 በሕይወት ያለ ለጋሽ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት ባሉት 7 ቀኖች ውስጥ እንደ ገና እንዲመረመር፥ እስከዚያም ቀን ድረስ ራሱን እንዲጠብቅ መከሩ። የዛሬ ሦስት ወር የተጻፈ የደም ወረቀት ስለ ዛሬው ደም ሊመሰክር አይችልም።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ደንግጦ «እንግዲያስ ከሰው አካል መቀበል ይቅር» እንዳይል እንለምናለን። ያልታሰበ ደዌ የሚሻገረው ከመቶ ተቀባይ አንድ በማይሞላው ላይ ነው። ኩላሊቱ ወይም ጉበቱ ፈጽሞ የደከመበት ሰው ግን ሳይተከልለት ሲጠብቅ የሚያገኘው ሞት ከዚህ ይልቅ የቀረበና የታወቀ ነው። የጻፍናቸው ታሪኮች በዓለም የታወቁት ብርቅ ስለ ሆኑ ነው።

ደግሞም ሐኪሞች ቫይረስ መኖሩን አስቀድመው ካወቁ መላ የሚያገኙለት ብዙ ነው። ሳይቶሜጋሎቫይረስ የሚባለው ብዙ ሰው ከልጅነቱ ጀምሮ ሳያውቀው ይዞት የሚኖር ነው። ለጋሹ ኖሮበት ተቀባዩ ከዚህ በፊት አግኝቶት የማያውቅ እንደ ሆነ ብርቱ ሕመም ያመጣል፤ ይህ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ከ3 እስከ 6 ወር የሚወሰድ መድኃኒት ተሰጥቶ ይጠበቃል። ሄፓታይተስ ሲም ቀድሞ የሚያስፈራ ነበር፤ ከ2013 ወዲህ በተገኙት መድኃኒቶች ግን ከመቶው ከ95 የሚበልጠው በጥቂት ወር ይድናል። ስለዚህ በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ይህ ቫይረስ ያለባቸውን ኩላሊቶች ፈቃደኞች ለሆኑ 10 ታማሚዎች አስታውቀው ተከሉ፤ ወዲያውም መድኃኒቱን ሰጡ፤ በ2017 እንደ ገለጹትም ዐሥሩም ከቫይረሱ ነጹ። በኬፕ ታውንም ከ2008 ጀምሮ ዶክተር ኤልሚ ሙለር ኤች አይ ቪ ያለበትን ሰው ኩላሊት ኤች አይ ቪ ላለባቸው ታማሚዎች መትከል ጀመሩ፤ ቀድሞ ይጣል የነበረው ኩላሊት የሰው ሕይወት ሆነ። ስለዚህ የታወቀ ደዌ ሁልጊዜ ስጦታን አያስቀርም፤ ሐኪሙን የሚያሰናክለው ያልተነገረው ነው።

የእንስሳንም አካል ለሰው ለመትከል ሲሞከር ይኸው ጥያቄ ተነሥቷል። በ2022 በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ለአንድ ታማሚ የአሳማ ልብ ተተከለለት፤ ሰውየውም ሁለት ወር ያህል ኖሮ ሞተ። በዚያ ልብ ውስጥ ከአሳማው ጋራ የመጣ ቫይረስ ተገኘ። አሳማው በብዙ ጥንቃቄ ያደገና የተመረመረ ሳለ ቫይረሱ ተሰውሮ አልፏልና፥ ከዚያ ወዲህ የበለጠ ረቂቅ ምርመራ እንዲደረግ ሐኪሞች አሳስበዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ በ2015 ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር 2008 ዓ.ም. መጀመሩ ነበር። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞችም በሥራው ረድተዋል። ሥራው የተጀመረውም በሕይወት ካለ ዘመድ በሚሰጥ ኩላሊት ነው። ከዚያም አስቀድሞ በ2003 የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ ተቋቁሞ፥ ሰዎች ከሞቱ በኋላ የዓይናቸውን ብሌን ለማያዩ ወገኖቻቸው እንዲሰጡ አድርጓል።

እንግዲህ በእኛ ዘንድ ለጋሽና ተቀባይ የሚገናኙት በአንድ ማዕድ ነው። ኩላሊቱን የሚሰጠው ወንድም፥ እኅት፥ አባት ወይም ልጅ ነው። ይህ ትልቅ በረከት ነው፤ ነገር ግን የራሱ የሆነ ፈተና አለው። ባዕድ ለጋሽ ምስጢሩን ለማያውቀው ሐኪም ሲናገር ብዙ አያፍርም። ወንድም ግን እናቱና አጎቶቹ በሐኪሙ ደጅ ተሰብስበው ሳለ «ወደ እንዲህ ያለ ቦታ ሄጄ ነበር፤ እንዲህ ያለ በሽታ ይዞኝ ነበር» ማለት ይጨንቀዋል። ዝም ቢል ወንድሙን ሊጐዳ ነው፤ ቢናገር የቤተ ሰቡ መነጋገሪያ ሊሆን ነው፤ ከመስጠት ቢመለስ ደግሞ ፈሪና ጨካኝ ሊባል ነው። በዚህ ሦስት መንገድ መካከል የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ ዝምታን ይመርጣል። አበው «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ስለ በሽተኛው ነበር፤ በዚህ ነገር ግን አንዱ የሸሸገው በሽታ መድኃኒት የሚያሳጣው ሌላውን ነው።

ስለዚህ የቤተ ሰብ አለቆች የሆናችሁ ሁሉ በሚከተለው ነገር እንድታስቡበት እንመክራለን።

1ኛ፥ ለጋሽ የሚሆነውን ዘመድ በጉባዔ ፊት አትጠይቁት። «ማን ይሰጣል?» ተብሎ በሽማግሌ ፊት ሲጠየቅ እንቢ ለማለት የሚደፍር ጥቂት ነው። ሐኪሙ ለብቻው ይጠይቀው ዘንድ ተዉት። ሥርዓት ባለው የንቅለ ተከላ ቤት ለጋሽ ከተቀባዩና ከዘመዶቹ ተለይቶ ይጠየቃል፤ ለመስጠት የማይችል ወይም የማይወድ እንደ ሆነም ሐኪሙ ምክንያቱን ለማንም ሳይገልጥ «ይህ ሰው ለመስጠት አይመችም» ብሎ ያሰናብተዋል። እንዲህ የተባለ ዘመድ ወደ ቤቱ ሲመለስ «ለምን?» ብላችሁ አትመርምሩት።

2ኛ፥ ለጋሹ የሚጠየቀውን ሁሉ በእውነት ይመልስ። የነከሰውን ወይም የቧጨረውን እንስሳ፥ የሄደበትን አገር፥ የተሰጠውን ደም፥ በቤቱ ያለውን እንስሳ፥ የግል ኑሮውንም ጭምር አይሸሽግ። ሐኪሙ ይህን የሚጠይቀው በሰውየው ጠባይ ላይ ሊፈርድ ሳይሆን የትኛውን ምርመራ እንደሚያደርግ ለማወቅ ነው።

3ኛ፥ ምርመራው ከተደረገ ብዙ ቀን ካለፈ ቀዶ ጥገናው ከመደረጉ በፊት እንደ ገና እንዲደረግ ጠይቁ። ይህን መጠየቅ ሐኪሙን መድፈር አይደለም።

4ኛ፥ ከሞተ ዘመዳችሁ የዓይን ብሌን ወይም ሌላ አካል ለመስጠት የፈቀዳችሁ እንደ ሆነ፥ ስለ ሟቹ የመጨረሻ ወራት የሚያውቀውን ሰው ፈልጋችሁ ወደ ሐኪሙ አቅርቡት። የቤቱ ጌታ የማያውቀውን ብዙ ጊዜ ሞግዚቲቱ፥ እረኛው ወይም የሥራ ጓደኛው ያውቀዋልና፥ «ይህ ለጌቶች ነገር አይገባም» ተብሎ ከደጅ አይመለስ።

5ኛ፥ ኩላሊት የተተከለለት ሰው ትኵሳት፥ የራስ ምታት ወይም የአእምሮ መለወጥ ቢሰማው ነገ ይሻለኛል ሳይል በዚያው ቀን ወደ ተከለለት ሐኪም ይሂድ። በሜሪላንድ ታሪክ እንዳየነው የአንዱ መታመም ሲታወቅ ሌሎቹ ይድናሉ።

6ኛ፥ በአገራችን የእብድ ውሻ በሽታ ሁላችን የምናውቀው ነውና፥ ውሻ የነከሰው ሰው ወዲያው ቍስሉን በውሃና በሳሙና ቢያንስ 15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ክትባቱን ይከተብ። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም ዓመት አልፎት ይነሣል። ከተገለጠ በኋላ ግን የሚድንበት መንገድ የለም ለማለት ጥቂት ነው የቀረው። ክትባቱ ነካሹ ውሻ ያሳደረበትን ክፉ ነገር በጊዜው ያጠፋዋል፤ ምናልባትም አንድ ቀን ይህ ሰው አካሉን ቢሰጥ ተቀባዩንም አብሮ ያድናል።

በዚህ ዘመን ምርመራው እየረቀቀ መሄዱ የታወቀ ነው። በ2008 በአውስትራሊያ ከአንድ ለጋሽ አካል ተቀብለው የሞቱ ሦስት ሰዎች የገደላቸው ምን እንደ ሆነ በተለመደው ምርመራ ሳይታወቅ ቀርቶ፥ ሊቃውንት የዘር ቅንጣትን ሁሉ በሚያነብ አዲስ መሣሪያ መርምረው ከዚያ በፊት ያልታወቀ ቫይረስ እንዳገኙ ገልጸዋል። ይህን የመሰለ መሣሪያ ወደ ፊት ብዙ እንደሚረዳ አንጠራጠርም። ነገር ግን መሣሪያው የሚሠራው የት እንደሚፈለግ በታወቀ ጊዜ ፈጥኖ ነው፤ ያንን የሚያመለክተው ደግሞ ሟቹን ወይም ለጋሹን በቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው።

እኛም ይህን የጻፍነው በየቤቱ ፍርሃት እንዲገባ አስበን አይደለም። ወንድም ለወንድሙ አካሉን መስጠቱ ከሰው ሥራ ሁሉ የሚመሰገን ነው። ለዚህ ምስጋና የተገባው ሰው በሐኪሙ ፊት እውነቱን እንዲናገር፥ ቤተ ሰቡም እውነቱን ሳያፍር የሚናገርበትን ጊዜና ስፍራ እንዲሰጠው፥ የተናገረውም በዚያው እንዲቀር ማድረግ የሁላችን ፋንታ ነው። ኩላሊት ከመሰጠቱ በፊት እውነት ይሰጥ፤ ሐኪሙም የሁለቱን ሰው ሕይወት በእርሱ ይጠብቅበት።